ግሪሳውን በካሬ ለመሳል

የጌም ቤቱ ቴሌቪዥን ምስሉ ሲያመልጠው ወደ ላይ ነበር የሚሸሸው ወይስ ወደ ታች? እኔ ወደ ታች ባይ ነኝ። ጓደኛዬ ወደ ላይ ይላል። ሠርግ የሚቀርጸው የቪዲዮ ቤቱ ሰው ደግሞ፣ እዚያ ጌም ቤት እግሩ ረግጦ የማያውቀው፣ «ተስማሙና ንገሩኝ፤ ከፈለጋችሁ ወደ ደሴ አንሸራትተዋለሁ» ይላል።

በዚህ ክርክር አንድ ጥር አለፈ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ጓደኛዬ ግን ሙሽራ ነበር፤ በዚያ በሚንሸራተት ምስል ላይ ልቡን አስይዟል።

ጌም ቤቱ ከኮቦ መናኸሪያ ጀርባ የሚገኝ፣ ድሮ የጭድ ማከማቻ የነበረ አንድ ክፍል ነው። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ እኛ ገና አፍንጫችንን በእጅጌያችን የምንጠርግ ልጆች ነን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ወደ ኋላ የተገፋ ቴሌቪዥን፣ ከፊቱ ካሴት የሚጎርስ ማጫወቻ፣ ከማጫወቻው የሚወጡ ሁለት ጆይስቲኮች። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ወደ ግራ አይሄድም። ስለዚህ ማን እንደሚሸነፍ ገና ስንቀመጥ ይታወቃል።

ካሴቱ ላይ የጌም ዓይነት ሞልቶበታል ተብሎ ተጽፏል። የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም «ግሪሳ» እንለዋለን። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ከታች አንድ ሰው ቆሞ ወደ ላይ የሆነ ነገር ይወረውራል። ከላይ ክንፋቸውን የሚያርገበግቡ ነገሮች በመደዳ ይመጣሉ፤ ወደ ግራ ይላሉ፣ ወደ ቀኝ ይላሉ፣ ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ከሰውየው አጠገብ ቢጫ ቢጫ ክምር አለ፤ የሚመጡት ሲደርሱበት እየተሸረፈ ያልቃል። ለሌላ አገር ልጅ ይህን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ለሚውል የኮቦ ልጅ ግን ምኑ ይብራራለታል? ሰውየው ጠባቂ ነው። ክምሩ ማሽላ ነው። የሚመጡት የግሪሳ ወፎች ናቸው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ማማ ላይ ውጣ ስትባል እግሬን አመመኝ ትላለህ፤ ጨለማ ቤት ገብተህ የሰው ማሽላ ትጠብቃለህ» አለችኝ። እያነከስኩ ወደ ጌም ቤቱ ሄድኩ።

ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ ምስሉ ያመልጠዋል። ጠባቂው፣ ማሽላው፣ ግሪሳው ተያይዘው ይንሸራተታሉ፤ በአንዱ ጫፍ ወጥተው በሌላው ጫፍ ይገባሉ። ያን ጊዜ የጌም ቤቱ ባለቤት ታናሽ እህት ከቴሌቪዥኑ ጎን ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ ትነሳለች። የእኛ እኩያ ናት፤ ሁልጊዜ ዳንቴል ትሠራለች፤ አታወራም። ኪሮሿን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካና የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፏ አንዴ ጧ ታደርገዋለች። ምስሉ ቀጥ ይላል። ወደ ዱካዋ ትመለሳለች። የሚመታበትን ቦታ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ወንድሟ ራሱ ሞክሮ ቴሌቪዥኑ ጭራሽ ጠፋበት። ከጓሮ ተጠርታ መጥታ መታችውና በራ።

ጓደኛዬ አንድ ዘዴ ያገኘው ያኔ ነው። የጠረጴዛው አንዱ እግር ላላ ያለ ነበር። እሱን በጫማ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ቴሌቪዥኑ ሳይሞቅም ምስሉ ያመልጠዋል። ምስሉ ሲያመልጥ ልጅቷ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ አሸንፎ አያውቅም። ዓይኑ ግሪሳው ላይ ነው፣ እግሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ጆሮው ዱካዋ ላይ። ማሽላው ተበልቶ ሲያልቅ እሱ ፈገግ ብሎ ይነሳል። የማሽላ ጠባቂ ልጅ በተበላ ማሽላ ሲደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በአንዱ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣና ማጫወቻውን አቃጠለው። ጌም ቤቱ ተዘጋ። ጓደኛዬ አደገና መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ አይሱዙ ይዞ ከአፋር ጨው መጫን ጀመረ። እኔ አደግሁ ለማለት ይከብደኛል፤ ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ግጥሜን የሰሙ ሰዎችም «ያስታውቃል» ይላሉ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። ቤት መምቻ ቃል ሲጠፋኝ ጎብዬ ድረስ ሄጄ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ረጅም ግጥም ከሆነ ወልዲያ እደርሳለሁ።

የጓደኛዬ ቤተሰቦች «በቃህ፣ ሚስት እንፈልግልህ» ሲሉት የጠቆመው የዚያችን ልጅ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ተላከ። አባቷ እሺ አሉ፤ እሷም እሺ አለች። ከዚያ በኋላ በስልክ ያወራሉ። ስለ ጨው ያወራሉ፤ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፤ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስለ ጌም ቤቱ ግን እሷ አታነሳም፣ እሱም አያነሳም።

«ታስታውሰኝ ይሆን?» አለኝ አንድ ቀን፣ ከአይሱዙው ጎማ ላይ ጭቃ እየፋቀ።

«ጠይቃታ።»

«ጠይቄያት ‹የትኛው ነበርክ?› ብትለኝስ?»

«‹ወደ ግራ የማይሄደው ጆይስቲክ ላይ የነበርኩት› በላት።»

አልሳቀም። ጭቃውን መፋቅ ትቶ ቆመ። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅሁት። እሺ ያለችው ለአይሱዙ ነጂው ነው ወይስ ለዚያ ልጅም ጭምር? ሊያውቅ የፈለገው ይህን ነው። ጠይቆ መልሱን መስማት ደግሞ ፈራ።

ሐሳቡ የመጣለት ቪዲዮ ቤት ሄደን የሠርጉን ቀረጻ ስንዋዋል ነው። ቪዲዮ ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ የተሰቀሉት የሙሽሮች ፎቶዎች ይንቀጠቀጣሉ። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ሥራውን ደሴ ተምሮ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው «ያ አላህ፣ ምን አደረግሁህ» እያለ ያዋራዋል። ለሠርግ መግቢያ የሚሆኑ ምስሎች አሳየን፦ ጽጌረዳ የሚዘንብበት፣ እርግቦች ቀለበት ይዘው የሚመጡበት፣ ሙሽሮቹ ከአውሮፕላን የሚወርዱበት።

«እኔ ግሪሳ ነው የምፈልገው» አለ ጓደኛዬ።

«ምን አልክ?»

አስረዳው። ጠባቂው እሱ ራሱ ይሆናል። ግሪሳ ይመጣል። እሱ በወንጭፍ ይከላከላል። መሃል ላይ ምስሉ ያመልጥና ይንሸራተታል። ይህ የሚታየው በመልሱ ቀን በሙሽሪት ወላጆች ቤት ነው። አሁንም የድሮዋ ልጅ ከሆነች፣ ምስሉ ሲንሸራተት ስታይ እጇ አያስችላትም፤ ተነስታ ትመታዋለች።

«ባትነሳስ?» አልኩት።

«ካልተነሳች አታስታውሰኝም ማለት ነው። ጠላዬን ጠጥቼ ዝም እላለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ዓይንህ አይስትም። ትክክለኛው ጌም እስኪሆን ድረስ ቁጭ ብለህ ታሠራዋለህ። ከተሳሳተ እሷ አታውቀውም» አለኝ። ሚዜነቴ ላይ ይህ ተጨመረ። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ገጣሚው ነው ቁጭ የሚለው?» አለ።

ከሳምንት በኋላ ጠራን። ደስ ብሎታል። «ጌሙን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ አንድ በአንድ እንደዚያው አድርጌ ሠራሁት» ብሎ ከፈተልን። ጥቁር ሰማይ ታየ። ከሰማዩ መብራት ያለባቸው ክብ ክብ ብረቶች መውረድ ጀመሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መንኮራኩር።»

«ግሪሳዎቹስ?»

«ግሪሳ የለም ወንድሜ። ጌሙ የመንኮራኩር ነው። ከሌላ ዓለም መጥተው ምድርን ሲወሩ ነው። ያ ከታች የቆመው ሰው አይደለም፣ መድፍ ነው። ቢጫውም ማሽላ አይደለም፣ ምሽግ ነው።»

ነዳጅ የጫነ ቦቴ አለፈና ሙሽሮቹ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጡ።

«ወንጭፉስ?» አለ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ።

«ወላሂ ወንጭፍ የለም።»

ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ። ልጅነታችንን ሙሉ የሌላ ዓለም ሠራዊት ስንመክት ኖረናል፤ እኛ የመሰለን ወፍ ነው። እዚያ ጌም ቤት ከገባን ልጆች አንዳችንም ሌላ ነገር አላየንም። እኔ በሐሳቤ ወደ ኋላ ሄጄ ክንፎቹን ፈለግኋቸው፤ አሉ። ምንቃራቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ።

«አንተ የት ነው ያደግኸው?» አልኩት የቪዲዮ ቤቱን ሰው።

«ደሴ።»

«ለዚህ ነው። ደሴ ግሪሳ የለም። የሠሩት ሰዎችም ግሪሳ ባለበት አገር አላደጉም፤ ምን እንደሠሩ አያውቁም። እኛ ያየነው ግሪሳ ነው። እሷም ያየችው ግሪሳ ነው። ግሪሳ ሥራልን።»

ሠራ። ችግሩ፣ ቆንጆ ግሪሳ ሠራ። ጠባቂውን ጓደኛዬን አስመስሎ ጺም አበቀለለት፣ ሰማዩን ሐምራዊ ደመና አለበሰው፣ ከኋላ የዞብልን ተራራ ደረደረ። ጓደኛዬ ሲያየው ደስ አለው። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋሁ።

የድሮ ጌም ምስል የተሠራው ከካሬ ነው። ካሬው ደግሞ እንደ ብሎኬት ሁሉም እኩል ነው። የዚህ ጠባቂ ራስ ግን በትልልቅ ካሬ፣ ወንጭፉ በትንንሽ ካሬ፣ ጺሙ ምንም ካሬ በሌለው ክር ተሠርቷል። በብሎኬት ተጀምሮ በክብሪት ቀፎ ያለቀ ቤት ነበር የሚመስለው። ብሎ ብሎ ጠባቂው ሊወረውር ጎንበስ ሲል ካሬዎቹም አብረውት ጎንበስ አሉ።

«ካሬ ያዘነብላል እንዴ?» አልኩት።

«ሰውየው ሲያዘነብልስ?»

«የድሮው ሰውዬ አያዘነብልም። ወይ ቆሟል፣ ወይ ሞቷል።»

ግሪሳዎቹም እንደ ጥንብ አንሳ እየተንሳፈፉ፣ ለስለስ ብለው፣ አየሩን እያጣጣሙ ነው የመጡት። የድሮዎቹ አይንሳፈፉም። እዚህ ነበሩ፤ አሁን እዚያ ናቸው፤ መሃሉ የለም። ክንፋቸውም ወይ ተዘርግቷል ወይ ታጥፏል። በዚያ ላይ የሁሉም ክንፍ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወድቃል። የእሱ ግሪሳዎች አንዱ ያርገበግባል፣ አንዱ ያርፋል፣ አንዱ ዞሮ ጓደኛውን ያያል።

«ሕይወት ሰጠኋቸው እኮ» አለ።

«አትስጣቸው። ከሥሩ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«የጠባቂው ጥላ።»

«የድሮው ሰማይ ጨለማ ነበር። ጨለማ ውስጥ ጥላ ከየት መጣ?»

ከኮምፒውተሩ ዞሮ አየኝ። «ገጣሚው፣ ካሬ የምትቆጥረውን ያህል የግጥምህን ቤት ብትቆጥር የት በደረስክ።»

ጓደኛዬ ጨው ሊጭን ሄደና እኔና የቪዲዮ ቤቱ ሰው ብቻችንን ቀረን። እኔ ባለ ካሬ ወረቀት ገዝቼ ግሪሳውን ራሴ መሳል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቁልፍ መሰለ። ሁለተኛው የቡና ሲኒ መሰለ፤ ሲኒው ክንፍ አለው። ሌላው ፍየል ሆኖ ወጣ፤ ፍየሉን የቪዲዮ ቤቱ ሰው ስለወደደው ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በመጨረሻ ተናድጄ ካሬዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ስጀምር ግሪሳ ሆነ። ካነሳሁ በኋላ የቀረው እንጂ የጨመርኩት አልነበረም ወፍ ያደረገው። ይህን ግኝት ለማክበር ጎብዬ ሄጄ ሻይ ጠጣሁ።

ከዚያ ግጥም እንዲገባ ፈለግሁ። ጌሙ ሲጀምር ጽሑፍ ነበረው፤ የፈረንጅ ፊደል ስለነበር ያነበበው አልነበረም። እኔ ለሙሽራው ይህን ጻፍኩለት፦

ማማው ላይ ወጥቼ ወንጭፌን ስፈታ፣
ግሪሳው አምልጦ ልቤ ግን ተመታ።

በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። በካሬ ሲጻፍ ግን ጉድ ሆነ። የፈረንጅ ፊደል ጥቂት ካሬ ይበቃዋል፤ የእኛ ፊደል እግር አለው፣ ቀለበት አለው፣ አንገት አለው። «ማማው» ተደርድረው የቆሙ በርጩማዎች መሰለ። «ወንጭፌን» የሚለው ላይ «ጭ» ጭራሽ የተሰበረ መሰላል ሆነ። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ካሬውን አሳንሶ ፊደሉን ሊያሳምረው ፈለገ፤ እኔ ካሬው እኩል ይሁን ብዬ ሞገትኩ። እኩል ሆነ። ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እኔም በቃሌ ስለማውቀው ነው።

የቀረው የሚያመልጠው ምስል ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ለዚህ ዝግጁ የሆነ ነገር አለኝ አለና አንዱን ተጫነ። ምስሉ ላይ ጭረት በጭረት ሆነ፤ አቧራ ዘነበበት፤ ጥቁር ጸጉር የሚመስል ነገር ወዲያ ወዲህ አለ።

«ይሄ ቧጨራ ምንድን ነው?»

«አሮጌ እንዲመስል ነዋ።»

«ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነበር እንጂ ድመት አልቧጨረውም።»

ቧጨራው ወጣ። መንሸራተቱ ቀረ። ወደየት ይንሸራተት? ክርክሩ የተነሳው ጓደኛዬ ከጨው ሲመለስ እዚህ ላይ ነው። እሱ ወደ ላይ አለ፤ እኔ ወደ ታች። እሱ «ራሴን ቀና አድርጌ ስከተለው ትዝ ይለኛል» ይላል። እኔ «ራስህን ቀና ያደረግኸው ልጅቷ ስለተነሳች ነው» እለዋለሁ። ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ሮቢት ውስጥ ብረት በያጅ የሆነ የድሮ ተጫዋች መነጽሩን አውልቆ አሰበና «ወደ ጎን» አለ። ጎብዬ ያለው ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ወደ ታች» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ላቅፈው ስል፣ «ወይም እኔ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ እየተጋደምኩ ነበር» ብሎ ጨመረ። ዋጃ ያለው ደግሞ፣ «እኔ ሁልጊዜ ተራዬን የምጠብቅ ነበርኩ። ያየሁት ነገር ቢኖር የአንተ ማጅራት ነው። እሱ አልተንሸራተተም» አለኝ።

በመጨረሻ የቪዲዮ ቤቱ ሰው ፈረደ። «ጥር ውስጥ ሙሽራ አይሳሳትም» አለ፤ ወደ ላይ አደረገው። እኔ ፍርዱን አልተቀበልኩም። ሲዲውን ግን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሚዜ ነኛ።

የመልሱ ዕለት የሙሽሪት ወላጆች ቤት ሰው ሞልቶታል። ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የለስላሳ ጠርሙስ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ሙሽሪት እንደ ደንቡ አንገቷን ደፍታ ዓይኗን ከጠረጴዛው በታች ጥላለች። ሙሽራው አጠገቧ ነው፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ግንባሩ ግን አልቦታል። እኔ ከጎኑ ነኝ። ከእኛ ፊት ለፊት ወንድሟ፣ ማለትም የድሮው የጌም ቤት ባለቤት፣ በቅርቡ ያመጣው ፍላት ቴሌቪዥን ቆሟል። የቆመው በዳንቴል የተሸፈነ ሰፊ ሣጥን ላይ ነው። ወንድሟ ፍላቱን በመሐረብ ሲወለውል ቆይቶ፣ «በሉ፣ ማንም እንዳይጠጋው» አለና ሲዲውን ከተተ።

ፍላቱ ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየ። ካሬው ሁሉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። መጀመሪያ ግጥሙ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቷ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ያረሱ፣ ነጭ ጺም ያላቸው ሰው ናቸው።

ተነስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«እዚያ ላይ ይሄ ሁሉ ተጽፏል?» አሉና ጠጋ ብለው ተመለከቱ። ቀጥሎ ጠባቂው ወጣ። ማሽላው ታየ።

«ይሄ ማሽላ ዘሩ ጅጉርቲ ነው ደጋሊት?»

«የኮምፒውተር ነው አባባ።»

«የኮምፒውተር ቢሆንስ። ደርቋል እኮ። ግሪሳ የሚወደው እሸቱን ነው። ይሄን ማጨድ ነበር እንጂ መጠበቅ ምን ያደርጋል?»

ግሪሳው መጣ። ክንፉ እኩል ተነሳ፣ እኩል ወደቀ። ኮራሁ።

«በጨለማ?» አሉ አባቷ። «ግሪሳ በጨለማ መጣ?»

ከአላማጣ የመጣች የሙሽሪት አክስት ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ወደይ፣ ልጄ፣ ያ የቆመው ሙሽራው ነው?»

«አዎ።»

«ምነው እንዲህ ከሳ?»

«ወንጭፉንም በግራው ነው የያዘው» አሉ አባቷ። «አማችህ ግራኝ ነው እንዴ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ልጃቸው ስለ ግራኝነቱ አላውቅም አለ። ሙሽራው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ካሜራውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በዓይኑ ፈለገኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። እኩል ካሬ ስል ወንጭፉ በየትኛው እጅ እንደሆነ ማየት ረስቻለሁ።

ከዚያ ምስሉ አመለጠ። ጠባቂው፣ ማሽላው፣ ግሪሳው ተያይዘው ወደ ላይ፣ ዓይኔ ምስክር ነው፣ በስህተት ወደ ላይ ተንሸራተቱ።

«ምን ሆነ?» አለ ወንድሟ። ብድግ ብሎ ገመዱን ሊነካካ ሄደ።

ሁሉም ቴሌቪዥኑን ያያል፤ እኔና ሙሽራው ሙሽሪትን እናያለን። ሙሽሪት ቀና አላለችም። ምስሉ ይንሸራተታል፤ እሷ ጠረጴዛው ሥር ትመለከታለች። አንዴ ዞሮ መጣ፤ ደግሞ ዞረ። ጓደኛዬ ጥርሱ መሳቁን አቆመ። ይህን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ጭቃ ሲፍቅ የነበረው ያ ፊት ነው። ስለ እሱ ብዬ ተነስቼ ራሴ ልመታው አሰብኩ።

ያኔ ነው ጠርሙሶቹ ሲንቀጫቀጩ የሰማሁት። መኪና ያለፈ መስሎኝ ወደ ደጅ ዞርኩ። መኪና የለም። ጠረጴዛውን አየሁ፣ ከሥሩ አየሁ። የጓደኛዬ እግር ነበር። ካባ ለብሶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳያውቀው፣ በአዲሱ ጫማው ጫፍ የጠረጴዛውን እግር ነካ፣ ነካ ያደርጋል።

ሙሽሪት ተነሳች።

ካባዋን ሰብሰብ አድርጋ በሰው መሃል አለፈች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ሙሽራ በመልስ ቀን ሳትጠራ አትነሳም። ፍላቱ አጠገብ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«ኧረ እንዳትነኪው፣ ይሰበራል» አለ ወንድሟ፣ በሁለት እጁ እየከለለው።

እጇን አየር ላይ እንዳደረገች ፍላቱን በጎኑ ዞር ብላ አየችው። ጎን የለውም፤ እንደ መጽሐፍ የሳሳ ነው። «ይሄ ምኑ ይመታል» አለች። ጎንበስ ብላ ከሥር ያለውን ዳንቴል ገለጠችው። ሣጥን አልነበረም። ያ ሆዱ ወደ ኋላ የተገፋው ቴሌቪዥን ነበር፤ ገመድም የለው፣ ምንም የለው፣ የአዲሱ መቆሚያ ሆኖ ዝም ብሎ ኖሯል። ጎኑን በመዳፏ አንዴ ጧ አደረገችው።

ፍላቱ ከላይ ተወዛወዘ። ወንድሟ አቀፈው። የቪዲዮ ቤቱ ሰው የሠራው መንሸራተት እዚያው ላይ ያበቃ ነበርና ምስሉ ቀጥ አለ።

«አሁን ተስተካከለ» አሉ አባቷ ረካ ብለው።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ያጨበጨቡት ሰዎች ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ጓደኛዬ ግን ከማጨብጨብም ከመሳቅም በላይ ሆኖበት አፉን ከፍቶ ቀረ። ሙሽሪት ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። አንገቷን እንደገና ደፋች። እኔ ጎኑ ስለሆንኩ ያለችውን ሰማሁ።

«ዛሬም እግርህን አልተውክም?»

«ታውቂ ነበር?» አለ ጓደኛዬ።

«ጠረጴዛው የእኛ ነው እኮ። እግሩን ያላላኸው አንተ ነህ። ወንድሜ ሚስማር ሲመታበት ነው የኖረው።»

ጓደኛዬ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያንን ለመደበቅ ለስላሳውን አንስቶ ከአክስትየዋ ብርጭቆ ጋር አጋጨ። ጉዳዩ ለእሱ እዚህ ላይ አለቀ። ለእኔ አላለቀም። እንደዚህ ያለ ምስክር ዳግመኛ አላገኝም። በሙሽራው ጀርባ በኩል አንገቴን አሰገግሁ።

«ሙሽሪት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ ምስሉ ሲያመልጠው ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ታች የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «ከጎኑ አልነበር የምቀመጠው? አንድ ቀን ከፊት ሆኜ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ሲንቀጫቀጭ ነው የምነሳው።»

«ግሪሳዎቹንስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«የምን ግሪሳ?»

የቪዲዮ ቤቱ ሰው ይህን ሁሉ ሲቀርጽ ኖሯል። ካሜራውን ከትከሻው ቀስ አድርጎ አወረደና፣ ያመጡለትን ጎድን እያነሳ፣ ረጋ ብሎ አየኝ።

«እኩል ካሬ» አለ።